የቀንድ አውጣ ራስ

ካርድ የሌላት ይቺ አንዷ ብቻ ናት። እዚህ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሌሎቹ ሁሉ ከየት እንደተቆፈሩ፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጡ፣ ማን እንደለያቸው ተጽፎላቸዋል። እሷን ግን የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ አንጥፌ ነው ያስቀመጥኳት። ያዣት እስቲ። ከምስር ትበልጣለች፣ ከባቄላ ታንሳለች። አሁን ደግሞ አፍንጫሽን አስጠጊ። ድንጋይ ከሆነች ዘመን ያለፋት ቀንድ አውጣ የልብስ ሳሙና ስትሸት ይገርማል አይደል? እኔ ይህ ሽታ አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር የአባቴ ሱቅ ውስጥ ነኝ።

ሱቁ ሰቆጣ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ነበር። ከፊት ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሻማና ሳሙና ይሸጥበታል፤ ከኋላ፣ በአንዲት ጠባብ በር አልፎ፣ ጨው የሚከመርበት መጋዘን አለ። በገበያ ቀን ከጋዝጊብላም ከሰሃላም በእግሩ የመጣ ሰው ደጃፋችን ላይ አረፍ ሳይል አይመለስም። አባቴ ለአንዱ በአማርኛ፣ ለአንዱ በኽምጣንጋ፣ ለሌላው በትግርኛ ዋጋ ይከራከራል። በሦስቱም ቋንቋ ግትር ነበር።

የግትርነቱ ዋና ጭነት ያረፈው ግን እኔ ላይ ነው፤ ግራኝ ሆኜ ተወለድኩ። አባቴ ከግራ እጅ ምንም ነገር አይቀበልም ነበር። አይመታኝም፣ አይጮኽብኝም፤ አለመቀበል ብቻ ነው ቅጣቱ። ሻይ ይዤለት ሄጄ ግራ እጄ ከተዘረጋች አያየኝም። እጄ አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ ብርጭቆው ጣቴን እያቃጠለኝ፣ እሱ ሚዛኑን ይወለውላል። መጨረሻ ላይ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "ቀኝሽን ለማን አበደርሽው?" ይለኛል። እጅ እቀይራለሁ። ያኔ ሻይውን ይቀበላል፣ ይመርቀኛልም። እናቴ በበኩሏ ደንበኛ እንዳይቀየም ብላ ቀኝ አንጓዬ ላይ ቀይ ክር አስራልኛለች፤ ክር ያለበት ይቅደም ማለቷ ነው። ለእስክሪብቶ፣ ለመርፌ፣ ለመጥረጊያ ግን ግራዬ ማንንም ሳታስፈቅድ ትቀድም ነበር።

ዶክተሯ የመጣችው አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ ትምህርት ሊዘጋ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ ቀንድ አውጣ ፍለጋ የመጣች ሴት አለች ሲባል ከተማው ሳቀ። ወደ አበርገሌ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ ከጥቁሩ ድንጋይ መሀል፣ ነጭ አፈር ይወጣል። ሰው ግድግዳውን የሚለቀልቅበት አፈር ነው፤ የእኛም ቤት፣ መጋዘኑም ጭምር፣ በእሱ ነው የተለቀለቀው። ልስኑ ሲደርቅ ትንንሽ ነጭ ጥምዝምዞች ብቅ ብቅ ይላሉ። ልጆች ሆነን በጥፍራችን እየፈለቀቅን ጠጠር ስንጫወት እንጨምራቸው ነበር። ምን እንደሆኑ ጠይቀን አናውቅም። የግድግዳ ነገር ናቸው፣ በቃ።

ለዶክተሯ ግን የግድግዳ ነገር አልነበሩም። ያ ሁሉ ቁልቁለት ድሮ ውሃ የተኛበት ነበር አለችን። ከሰው በፊት፣ ከተከዜም በፊት። ውሃው ሲሄድ ጭቃው ቀረ፣ ጭቃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ቀሩ። አሁን እነሱን በየወገናቸው ስንለያቸው ውሃው ምን ዓይነት ውሃ እንደነበረ ይነግሩናል፤ ዓመቱን ሙሉ የማይጎድል ሐይቅ ነበር ወይስ ክረምት የሚሞላ በጋ የሚደርቅ ኩሬ? ይህን ስትናገር አባቴ ሚዛኑ ላይ እጁን አሳርፎ ያዳምጥ ነበር። በውሃ ጉዳይ ዋግ ውስጥ የማይሰማ ሰው የለም። መጋዘኑን ያከራያት ያን ቀን ነው፤ ኪራዩን ሲነግራትም እንደ ወትሮው አልተከራከረም።

እጅ የሚያግዛት ስትፈልግ የባዮሎጂ መምህራችን ሁለት ሴት ልጆች ላከላት። አንዷ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛዋ ከጋዝጊብላ የመጣች የክፍሌ ልጅ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው። አማርኛውን በኋላ ነው የተማረችው፤ ስታስብ በኽምጣንጋ፣ ስትቆጥር በኽምጣንጋ፣ ስትናደድ ደግሞ በዝምታ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ባሕር ተሻግሮ አረብ አገር ይሠራል፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሺና ትመጪያለሽ ብሏታል። እሷም ነገሩን እንዳለቀ አድርጋ ነበር የምታወራው።

ያንን መጋዘን ዓይኔን ጨፍኜ ላሳይሽ እችላለሁ። የቆርቆሮው ጣሪያ በምስማር የተበሳሳ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ነጠብጣብ ሆኖ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ነጠብጣቡ ከጨዉ ክምር ወደ እኛ ይጠጋል። እርጥብ ነጭ አፈር ክረምት የገባ ይመስል ይሸታል። አፈሩን በበርሜል እንነክረዋለን፣ በጥቅጥቅ ወንፊት እናጥበዋለን። ወንፊቱ ውሃው ውስጥ ሲናጥ ሸ፣ ሸ፣ ሸ የሚለው ድምፅ እስከ ሱቁ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ ሲደርቅ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንበትናለን፣ በረጠበ ብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ እንለቅማለን።

አብዛኞቹ በመልካቸው ይለያሉ። እንደ ማማ ረጅም የሆኑ አሉ፣ ሆዳም የሆኑ አሉ፣ እንደ ተጠቀለለ መቀነት ጠፍጣፋ የሆኑ አሉ። አስቸጋሪዎቹ እነዚህ ትንንሾቹ ነበሩ። ሁለት ወገን ናቸው፣ መልካቸው ግን መንታ ነው። የሚለያቸው አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ መጠምዘዙ ብቻ ነው። ዶክተሯ አንዷን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ "ራሱን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ። አፉ በቀኛችሁ ከሆነ ቀኝ ነው፣ በግራችሁ ከሆነ ግራ ነው፤ አለቀ" አለችን። የቲማቲም ድልህ የነበረባቸው ሁለት ሁለት ጣሳዎች ሰጠችን፤ አንዱ ላይ ቀኝ፣ አንዱ ላይ ግራ ተጽፏል። ማታ ማታ የሁለታችንንም ቀኝ በአንድ ከረጢት፣ የሁለታችንንም ግራ በሌላ ከረጢት እንገለብጣለን።

በዚህ ዓለም ላይ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ፍጥረት እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዶክተሯ ሳቋ መጣና፣ ግራ ጠምዛዛ ቀንድ አውጣ ግራ ሆኖ ይወለዳል፣ ግራ ሆኖ ይኖራል፣ ማንም አያቃናውም አለችኝ። ለአባቴ ሮጬ ነገርኩት። ስኳር እየመዘነ ነበር። "ቀንድ አውጣ ሻይ አያቀብልም" አለኝ።

ሥራው ላይ ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። በቀኜ እይዛለሁ፣ በግራዬ ብሩሹን አንቀሳቅሳለሁ፣ ዓይኔ ካየው እጄ አይዘገይም። ዶክተሯ አይታኝ አይታኝ፣ ወደ አበርገሌ ለተጨማሪ አፈር ልትወርድ ስትል፣ ክረምቱን አዲስ አበባ መጥተሽ ከእኔ ጋር ሙዚየሙ መጋዘን ውስጥ ብትሠሪ፣ አስራ ሁለተኛን ስትጨርሺ ደግሞ ይህንኑ ትማሪ ነበር አለችኝ። የጋዝጊብላዋንም ጠየቀቻት፤ እሷ በትህትና፣ መንገዴ ሌላ ነው አለች። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድን ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። አባቴን እናቴ ጠየቀችልኝ። "ሥራው ሲያልቅ እናያለን" አለ። የነጋዴ "እናያለን" እሺም አይደለም እምቢም አይደለም፤ ሚዛኑ ገና አልቆመም ማለት ነው።

ዶክተሯ አበርገሌ ሰነበተች። እኛ ለቀምን፣ ገለበጥን፣ ከረጢቶቹ ከበዱ። ስትመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋባት በማግስቱ መውጣት አለባት። አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ የግራውን ከረጢት ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አፈሰሰች። አንዷን አነሳች፣ አየች፣ አስቀመጠች። ሌላ አነሳች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ግራ ከተባሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቀኝ ነበሩ። የቀኙን ከረጢት ፈታች፤ እዚያም ግራ ሞልቷል። አልተቆጣችም። "ከሁለታችሁ አንዳችሁ አቅጣጫው ተምታቶባችኋል፤ ማንኛችሁ እንደሆናችሁ አልጠይቅም፣ እዚያው አዲስ አበባ እንደ አዲስ ይለያል" ብቻ አለች። ድምፅዋ ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

አባቴ ሻይ ይዞላት የገባው ልክ ያኔ ነው። ነገሩን ሰማ፣ ብርጭቆውን አቀበላት፣ ወደ እኔ ዞረ። "ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? ግራና ቀኟን የማታውቅ ልጅማ ያቻት፣ የእኔው ናት። ይቅርታ ያድርጉልን፤ ሥራዎን አበላሸንብዎ" አላት። ከዚያ ለእኔ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እጅሽን ታጠቢና ወደ ሱቅ ግቢ" አለኝ። ሚዛኑ ቆመ ማለት ነው። አዲስ አበባ አለቀላት።

የጋዝጊብላዋ ልጅ አቀርቅራለች። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፦ እሳት ነው የሆንኩት። ጥፋተኛ ስለተባልኩ አይደለም፤ በዚህኛው ስለተባልኩ ነው። ቀኝ እጁ የምትቀድመው ሰው ስለ ቀኝና ግራ አስቦ አያውቅም፤ ማሰብ ምን ያደርግለታል? እኔ ግን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር፣ ሳሙና ባቀበልኩ ቁጥር፣ እጅ በነሳሁ ቁጥር የትኛዋ ናት ብዬ ሳስብ ኖሬያለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ግራና ቀኙን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"አልገባም" አልኩት።

አባቴን እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። እሱም ተብሎ አያውቅም። "ተቀመጥ፣ አባዬ። ዓይንህ እያየ እንሥራ። ያጠፋሁት እኔ ከሆንኩ እገባለሁ" አልኩት። ዶክተሯ ጀሪካን ገልብጣ አስጠጋችለት። ተቀመጠ።

አንዷን አነሳሁ። ራሱን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኔ። "ቀኝ" አልኩ። ዶክተሯ አየችና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አነሳሁ። "ግራ።" ልክ ነበር። አባቴ ወደ ፊት አጎነበሰና፣ ቅቤ ሲገዛ ከማሰሮው ሥር ቆፍሮ እንደሚያወጣው፣ ከክምሩ ሥር እየቆፈረ ያወጣልኝ ጀመር። "ይሄስ?" "ቀኝ።" "ይሄስ?" "ግራ።" "ያንኑ መልሼ ብሰጥሽስ?" "ያው ግራ ነው፣ አባዬ።" አንዷንም አልሳትኩም። እየቆየ ሲሄድ መቆፈሩን ተወ።

ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ወደ ጓደኛዬ ዞረ ማለት ነው። ቀና ብዬ አየኋት። ብሩሹን አስቀምጣ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ቆልፋለች። ያቺ ልጅ እንኳን ግራና ቀኝ፣ በጨለማ ከጋዝጊብላ ሰቆጣ መንገድ የማይጠፋት ልጅ ናት። አልገባኝም። እስቲ አንዷን አንሺ አልኳት። አነሳች፣ ወደ ብርሃኑ ነጠብጣብ አስጠጋቻት፣ "ግራ" አለች። ቀኝ ነበረች። በእጇ ያለችውን ቀንድ አውጣ አየሁ፤ ሹሏ ጫፍ ወደ መሬት ነው የምታየው። ተገልብጣለች።

"ራሱን ወደ ላይ አላሉም እንዴ?" አልኳት።

"ወደ ላይ ነው'ኮ" አለች። ሰፊውን የአፉን በኩል በብሩሽ ነካ አደረገችና ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየመረጠች፣ "ቀንድ አውጣ አይደል ስሙ? ቀንዱ የሚወጣው በዚህ ነው። ቀንድ ያለው ራስ ላይ ነው። ታዲያ ራሱ ይሄ አይደለም?" አለች።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። እኔ በሕይወቴ ያየሁት ቀንድ አውጣ የግድግዳውን ብቻ ነው፤ ለእኔ ራስ ማለት እንደ ተራራ ራስ ሹሉ ነበር። ዶክተሯም መጽሐፎቿ ላይ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋ ስትሥል የኖረች ናት። የጋዝጊብላዋ ልጅ ግን ከብት ውሃ ስታጠጣ ምንጭ ዳር ቁጭ ብላ የእውነቱን ቀንድ አውጣ ስታይ ነው ያደገችው፤ ከአፉ ወጥቶ፣ ቀንዶቹን ዘርግቶ፣ ግራና ቀኝ ሲያይ። የሚያይ ነገር ራስ አለው፣ ራሱም የሚያይበት በኩል ነው። ቀንድ አውጣን ገልብጠሽ ከያዝሽው ቀኙ በግራሽ ይሆናል፣ ግራው በቀኝሽ። አንድም ጊዜ ሳትሳሳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁሉንም በትክክል ገልብጣ ለይታለች።

ዶክተሯ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። ከዚያ ቃሉ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አለች። ድሮ ድሮ ሹሉን ወደ ታች አድርገው የሚሥሉ አዋቂዎች እንደነበሩም ነገረችን። በእነሱ ዘመን ብትወለጂ ኖሮ ትክክል አንቺ ነበርሽ አለቻት። የጋዝጊብላዋ ልጅ ጣቶቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። አባቴ ብቻ ነበር ያልሳቀው። አንዷን ቀንድ አውጣ መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይገለብጣታል፣ ወደ ታች ይገለብጣታል።

የሁለታችን ለቀማ ከረጢቱ ውስጥ ተቀላቅሏልና ሁሉንም እንደገና መልቀም ነበረብን። ዶክተሯ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው" እያለች ጨርቁን አነጠፈች። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ ነጠብጣቡ ብርሃን ጠፋና ፋኖስ አበራን። እኔና ጓደኛዬ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንለቅማለን። ትንሽ ቆይቶ ሱቁ ሲዘጋ ሰማሁ። በገበያ ሰዓት አባቴ ሱቅ ዘግቶ አያውቅም። መጥቶ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ አንድ ጭብጥ ወደ ራሱ ሳበ። ሹሉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እሱ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየና፣ "ግራ" ብሎ ጣሳው ውስጥ ጣላት። ያን ቃል ሳይከፋው ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ለቀምኩ፤ ዓይኔን የነደፈኝ የፋኖሱ ጭስ ነው ለማለት ያህል።

ስንጨርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዶክተሯ ከረጢቶቹን ወደ መኪናው ወሰደች፣ ጓደኛዬም ተከተለቻት። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ቀርቼ ከበሩ አጠገብ ካለው ልስን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከማውቃት ቦታ፣ አንዷን በጥፍሬ ፈለቀቅኳት። ራሷን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ እኔ። ግራ ነበረች። ይቺው በእጅሽ ያለችው ናት። ከየትኛው ንብርብር እንደመጣች ስለማይታወቅ ለጥናት አትሆንም፤ ካርድ የሌላት ለዚህ ነው።

አባቴ ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። "አባዬ፣ ይቺ ከእኛ ቤት ግድግዳ ናት። ግራ ናት። እዚሁ አብራን ነበረች" ብዬ ዘረጋሁለት። በየትኛው እጄ እንደዘረጋሁ አላስተዋልኩም። እሱ አስተውሏል። እጄ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሚዛኑን ወለወለ። ጠበቅሁ። ጠበቀ። ግትርነት ከሆነማ ከማን ነው የወረስኩት? ግን የምለምነው እኔ ነበርኩና እጅ ቀየርኩ። ያኔ ተቀበለኝ። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ የሳሙናውን መሳቢያ ከፍቶ ውስጥ ጣላትና ዘጋው።

"እሷ ተጠምጥማለች" አለ፣ ወደ መሳቢያው እያየ። "አንቺ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሂጂ።"

በማግስቱ ሄድኩ። መኪናው ወደ ኮረብታው ሲወጣ ዞሬ ሳይ የጋዝጊብላዋ ልጅ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር፤ እጇን አላውለበለበችም፣ የቀንድ አውጣ ቀንድ አስመስላ ሁለት ጣቷን ከግንባሯ በላይ ቀሰረች። እሷም በጊዜዋ ባሕሩን ተሻገረች፤ እስከ ዛሬ የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ናት። በቀደም ሰላጣ ስታጥብ ያገኘችውን ቀንድ አውጣ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሕይወት ያለው፣ ቀንዱን የዘረጋ። ሹሉ ወደ ታች ነው። "ራሱን ወደ ላይ" ብላ ጽፋበታለች። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ።

አባቴን ሕመም የጣለው እዚህ ሙዚየም ሥራ ከያዝኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቀኝ ጎኑ በሙሉ አልታዘዝ አለው። ሰቆጣ ስደርስ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ፣ ግራ እጁ ጋቢው ውስጥ። ጠያቂ ሲገባ ግራውን አያወጣም። ሰው እጁን ዘርግቶለት ባዶውን ይመልሳል። እናቴ ልታጎርሰው ስትል አፉን ይዘጋል፤ በራሱ እጅ እንዳይበላ ደግሞ ያለችው ግራ ናት። አላህ ለታመመ አላስጨነቀም ብለው የመስጊዱ ሽማግሌዎች ቢመክሩት አንገቱን ያዞራል። እየከሳ ሄደ። የምትይውን ሁሉ አልኩት፣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። በሦስት ቋንቋ የተከራከረ ሰው በዝምታ ረታኝ።

አንድ ከሰዓት ብቻችንን ነበርን። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚሸተው ነጭ ግድግዳ ይሸታል። ከጋቢው ሥር የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እጁ ወጣች፣ ግራዋ። ቀጥናለች። ጭኑ ላይ የተኛችውን ቀኙን ተመለከተ፣ ከዚያ እኔን። ግማሽ አፉ ብቻ ነበር ፈገግ ያለው።

"ቀኜን ለማን አበደርኩት?" አለኝ።

ቃሉ ተሰባብሯል፤ እኔ ግን የት ሆኜ ብሰማው ይጠፋኛል? ሳቅሁ፤ እሱም በግማሽ አፉ ሳቀ። ጣቶቹን ፈታ። ይቺ መዳፉ ላይ ነበረች። ያን ሁሉ ዘመን የሳሙናው መሳቢያ ውስጥ ነበረች፤ እናቴን ልኮ እንዳስመጣት በኋላ ነው የሰማሁት። ወደ እኔ ዘረጋት።

እጄን ዘረጋሁ፤ ቀኜን። ክሩ ከአንጓዬ ላይ ከወለቀ ስንት ዘመኑ፣ እጄ ግን ትምህርቷን አልረሳችም። አባቴ አልሰጠኝም። ጣቶቹን መልሶ አጠፈ፣ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ የሚወለውለው ሚዛን ቢኖረው ይወለውል ነበር። እጄ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ጠበቅሁ። ጠበቀ።

"ግራሽን" አለ።

በግራዬ ተቀበልኩት። በዚያች ምሽት በራሱ እጅ በላ። ቀኑ እስኪደርስም እንዲያ በላ፤ ብዙም አልቆየም።

በይ እንግዲህ፣ መልሺልኝ። በፈለግሽው እጅ።